የነዒማ ስሌት

መቐለ፣ ሰሜን
ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለኡሙሰልማ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላህ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ይሻልሻል ወይ? የምታስታምሚያቸው ሴትዮስ እንዴት ሆኑ? አሁንም ደረጃውን ደግፈሽ ነው የምታወጫቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ነዒማ ደህና ናት። ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት አልቀረውም፤ በሰላም ያድርሰን።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ የጎረቤታችን ልጅ ሀፊሳ ናት። ከአክስቷ ጋር ለዑምራ ስትሄድ ጅዳ ላይ ሁለት ቀን ታድራለች። ነገሩን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንደኛውን ጊዜ ነዒማ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሁለተኛውን ጊዜ አንቺ ተጠርተሽ ሄድሽ። ሦስተኛውን ጊዜ ማንም አልነበረም፤ እኔው ነኝ ስለ ዝናብ አውርቼ የዘጋሁት። በጥር ምን ዝናብ አለ? አንቺም ሳይገርምሽ አልቀረም። ስለዚህ ጻፍሁት። አራተኛ ክፍል ድረስ ስለተማርሽ ፊደሉን ሰፋ ሰፋ አድርጌዋለሁ። ለማንም አታስነብቢው፣ ቀስ እያልሽ ራስሽ አንብቢው።

ሥራ አለ። ሱቁ ያው በውቕሮ መውጫ መንገድ ዳር ነው። ነሐሴና መስከረም የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ነበር። ልብስ ሰፊ ብዙ ነገር ያያል። ድሮ ለስምንተኛ ክፍል ልጅ የምሰፋው ሱሪ የሕፃን ሱሪ ነበር። አሁን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ጺም አለው። ትምህርት ቤቱ ያን ያህል ዓመት ተዘግቶ ሲከፈት ልጆቹ አድገዋል፣ ክፍሉ ግን እዚያው የተዉት ቦታ ነው የጠበቃቸው። ልኩን ወስጄ ሰፍቼለት ሳይወስድ የቀረ አለ። እናቱን ሳገኛት “ሄደ” ትለኛለች። ወዴት ብዬ አልጠይቃትም። አሁን አራት ሱሪ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አለ።

ወደ ነገሩ ልግባ። “ነዒማ እንዴት ናት?” ስትዪኝ “ትማራለች” እልሽ ነበር። ውሸትም አይደለም፣ እውነትም አይደለም። ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ትወጣለች፣ በሰዓቷ ትመለሳለች። አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። እኔም ከዚህ ሌላ የምጠይቀው ነገር አልነበረኝም።

ኅዳር ላይ የክፍል ኃላፊዋ አስጠሩኝ። መምህርት ኣብርሀት ይባላሉ፣ ሒሳብ ነው የሚያስተምሩት። ስደርስ አምስት የፈተና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደርድረው ጠበቁኝ። አምስቱም ላይ ከላይ “ነዒማ ሐቢብ፣ 8ኛ ሐ፣ ቁጥር 31” ይላል። ጽሑፏን ታውቂዋለሽ፣ እንደታተመ ነው። ከዚያ በታች ምንም የለም። አምስቱም ባዶ ናቸው።

“ታማብኝ ይሆን?” አልኋቸው።

“አልታመመችም” አሉኝ። “አጠገቧ የምትቀመጥ ዘቢብ የምትባል ልጅ አለች። አምና በሒሳብ የወደቀች ናት፣ ዘንድሮ ከመቶ ሰማንያ አመጣች። ማን አስጠናሽ ብላት ነዒማ ናት አለችኝ።”

“ታዲያ የኔይቱ ምን ሆና ነው?”

“እሱን እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ፣ ሓወይ፣ ወንድሜ። ሰነፍ ተማሪ አውቃለሁ፣ የራበው ተማሪም አውቃለሁ። ይቺ ግን አድማ የመታች ነው የምትመስለው። በማን ላይ እንደሆነ ነው ያልገባኝ።”

ቤት ስመለስ አባት የሚያደርገውን ሁሉ አደረግሁ። ተቆጣሁ። መታኋት ብለሽ እንዳታስቢ፣ አልመታኋትም። መከርሁ። አዲስ ቦርሳ ገዛሁላት፣ አመስግና ተቀበለችኝ። ምን ሆነሽ ነው ስላት የምትመልስልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ “እሄዳለሁ አይደል፣ አባ? ቀርቼ አላውቅም።” እውነቷን ነው።

ቸግሮኝ ወንድምሽን ሰዳምን ጠራሁት። የተማረ ሰው ይምከራት ብዬ ነው። ሕንፃ ምህንድስና ተመርቆ በዓይደር መስመር ባጃጅ እንደሚነዳ አንቺም ታውቂያለሽ። ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገና “ትምህርት ብርሃን ነው” ብሎ ጀመረላት።

“ባንተ ላይ በርቷል?” አለችው። ለማፌዝ አልነበረም፣ ለማወቅ ነው የጠየቀችው።

“እስካሁን አልበራም” አላት። “ግን ስሠራበት የነበረው፣ በጦርነቱ የቆመው ሕንፃ እንደገና ቢጀመር ነገ የት ጋ እንደምቆም አውቃለሁ። ባጃጁ ላይ ከሚውለው ሁሉ ይህን የሚያውቅ እኔ ነኝ።”

“ባይጀመርስ?”

ሻዩን ጨርሶ ሄደ። ሊመክር መጥቶ ተመክሮ ሄደ ማለት ነው።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ መምህርቷ ሱቄ ድረስ መጡ። የሚያሰፉት ነገር ያላቸው መስሎኝ ሜትሬን አነሣሁ። “የፊታችን ሐሙስ ሱቁን ይዝጉና ክፍል ገብተው ይቀመጡ” አሉኝ። ወላጆችን በየተራ እየጠሩ ነበር ለካ። እኔ ገብቼ ምን ላደርግ ብላቸው ምንም አሉኝ፤ መቀመጥ ብቻ። ከዚያ በር ላይ ቆመው እንዲህ አሉ፦

“ደመወዝ ሳይከፈለን ስናስተምር ልጆቹ ‘መምህር፣ ለምን ይመጣሉ?’ ይሉኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም። እነሱም ለምን እንደሚመጡ ሲጠይቁኝ መልስ የለኝም። ብትማሩ ሥራ ታገኛላችሁ ብላቸው የተማሩት ወንድሞቻቸው ቤት ተቀምጠዋል። ስለዚህ መልስ መስጠቱን ተውሁት። እነሱን መጠየቅ ነው የጀመርሁት።”

ሐሙስ ሄድሁ። በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራት አራት ሆነው ነው የተቀመጡት። እኔን የመጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀመጡኝ፣ ጉልበቴ ከእንጨቱ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ተቀመጥሁ። ነዒማ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ዞራ አላየችኝም። ትምህርቱ በትግርኛ ነው፣ እንደምታውቂው ገበያ ላይ ስለለመድሁት አይከብደኝም።

መምህርቷ ጠረጴዛቸው ላይ የወተት ጣሳ አላቸው። ተማሪው ሁሉ ከልቡ ማወቅ የሚፈልገውን፣ በቁጥር ሊመለስ የሚችል አንድ ጥያቄ ጽፎ እዚያ ውስጥ ይከታል። በየትምህርቱ አንድ ሁለት ይወጣል። የዕለቱን ትምህርት በመጽሐፉ ምሳሌ ሳይሆን በዚያ ጥያቄ ነው የሚያስተምሩት።

መጀመሪያ የወጣው የዘቢብ ነበር። ከዓይናለም ጉድጓድ የሚመጣው ውሃ እነሱ ሰፈር በየስንት ቀኑ ነው የሚደርሰው ይላል። ሁለት ወር ሙሉ ስትመዘግብ ኖራ ደብተሯን ይዛ ወጣች። ደምረው፣ አካፍለው፣ በአማካይ አስራ አንድ ቀን ሆነ። ከጎኔ የተቀመጠ ልጅ “ውሸት ነው፣ እኛ ጋ አስራ ዘጠኝ ቀን ቆይቷል” ብሎ ተነሣ። ሌላው ስድስት አለ። ክፍሉ ተንጫጫ። መምህርቷ አማካይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ አስራ ዘጠኝ ቀን የጠበቀን ሰው ደግሞ አማካይ ለምን እንደማያጠጣው አስረዱ። ወላሂ፣ እኔም የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው የሕሉፍ ነበር። ሕሉፍ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሱሪውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ጥያቄው “ከሰፈሬ በባሕሩ መንገድ ከሄዱት ስንቱ ደረሱ?” የሚል ነው። ስማቸውን እየጠራ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ዘጠኝ ናቸው። ለቤተሰብ የደወሉት አራት ናቸው። መምህርቷ አራት ዘጠነኛ ብለው ጻፉ።

አንዱ ልጅ ከመስኮቱ በኩል “የቀሩት ስልክ አጥተው ይሆናል” አለ።

“ሊሆን ይችላል” አሉ። “ታዲያ ያላወቅናቸውን አምስቱን ከየትኛው ወገን እንቁጠራቸው?”

እሳቸው አልመከሩም፣ ትሄዳለህ አትሄድም አላሉትም። ሕሉፍ ክፍልፋዩን ደብተሩ ላይ ገልብጦ ተቀመጠ። እስከ ዛሬ ይመጣል አሉኝ። የነገውን አላህ ያውቃል።

ደወሉ ሲደወል ልጆቹ ወጡ፣ ነዒማም ከዘቢብ ጋር ወጣች። መምህርቷ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡልኝ። “ይህ ከጣሳው የወጣ ነው። ስም የለውም፣ ጽሑፉን ግን አወቅሁት። ክፍል ውስጥ አላነበብሁትም” አሉኝ። በትግርኛ ነው የጻፈችው። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦

“እናቴ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆነ። የሄደችው እኔ እንድማር ነው። ስጨርስ ትመጣለች። ከስምንተኛ በኋላ እስከ አስራ ሁለተኛ አራት ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት። ስድስትና አራትና አራት አስራ አራት ዓመት ይሆናል። ዘንድሮ ብወድቅና ትምህርት ባቆም ግን የምትቆይበት ምክንያት ዜሮ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው ወይ?”

ከታች በቀይ እስክሪብቶ “ድምሩ ትክክል ነው። የተሰጠው ግን መረጋገጥ አለበት” የሚል ተጽፎበታል።

“ሒሳቧ ላይ ስሕተት አላገኘሁም” አሉኝ። “መነሻው እውነት ይሁን አይሁን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።”

አውቀዋለሁ። አንቺም ግማሹን ታውቂዋለሽ። ሌላውን ግማሽ አሁን እጽፍልሻለሁ።

ጥር 2015 ስልክ በተከፈተ ጊዜ ድምፄን እንደሰማሽ ያልሽው “ልምጣ” ነው። እኔ “ነዒማ ትምህርቷን ልትጀምር ነው፣ እስክትጨርስ ታገሺ” አልሁሽ። በ2016 ውልሽ ሲያልቅ እንደገና ጠየቅሽኝ፣ ያንኑ አልሁሽ። አምና ከዒድ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅሽ። ያን ጊዜ መልሴን ሳትጠብቂ አንቺው “እሺ፣ ነዒማ እስክትጨርስ” ብለሽ ጨረስሽልኝ። ከዚያ ወዲህ ለእሷም እንደዚያ ትነግሪያታለሽ። ቃሉ የኔ ነበር።

የነዒማ ትምህርት ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ዩኒፎርሙን እኔ እሰፋዋለሁ። ለዚያ ሰው ስድስት ዓመት በሰው አገር አይቀመጥም። እውነቱ ፈርቼ ነው። ስትሄጂ ሦስት ማሽንና ሁለት ሠራተኛ የነበረው ሰው ትተሽ ነው የሄድሽው። ማሽኖቹ በጦርነቱ ተወስደዋል፤ በስልክ “አሉ” ያልሁሽ የሉም። አሁን የምሠራበት አንዱ የሰው ነው። አብዛኛው ሥራዬ ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ነው። የግራ ዐይኔ ክር አያስገባም፣ ነዒማ ናት የምታስገባልኝ። እንዲህ ሆኜ እንዳታዪኝ ነው ቆዪ ያልሁሽ። ትንሽ ልነሣና ትምጣ እያልሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አልተነሣሁም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ነዒማ ሱቅ መጣች። በፈረቃ ስለሚማሩ ከሰዓት ቁልፍ ትተክልልኛለች። ወረቀቱን ማሽኑ ላይ አስቀመጥሁት።

“ይህን አየሁት” አልኋት።

አየት አድርጋው መስፋቷን ቀጠለች። “መምህር ሰጠችህ?”

“አዎ። ድምሩ ልክ ነው ብለዋል። መነሻው ግን ልክ አይደለም።”

“የቱ?”

“እናትሽ የቆየችው ላንቺ ትምህርት ነው ያልሽው።”

“እሷ ናት ያለችኝ።”

“እሷን ያስባልኋት እኔ ነኝ። ልምጣ ብላኝ ታውቃለች። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ ቆዪ ያልሁ እኔ ነኝ።”

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። “መቼ መቼ?” አለችኝ።

ነገርኋት። ዓመቱንም ወሩንም ነገርኋት።

“ስልክ የተከፈተ ጊዜም?”

“ያን ጊዜም።”

በመንገዱ ላይ ባጃጅ ያልፋል፣ ሰው ያልፋል። ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀይር “ሁለት ዓመት ሙሉ ሞታለች ብዬ ነበር፣ አባ። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ያልነገርሁህ” አለችኝ። ተነሥታ ሄደች።

ይህን ለምን እንደጻፍሁልሽ አላውቅም። ብቻ አንቺም ማወቅ ያለብሽ መሰለኝ።

ዘጠኝ ቀን አላናገረችኝም። ምሳዬን ታመጣለች፣ አስቀምጣ ትሄዳለች። ቁልፍ መትከሉን አልተወችም፤ አፏን ብቻ ነው የያዘችው። እኔም አላስቸገርኋት። በአስረኛው ቀን ክር ስታስገባልኝ “ለእማ ንገራት” አለችኝ።

“እነግራታለሁ።”

“ሁሉንም። ማሽኖቹንም።”

“እሺ።”

“እኔ እማራለሁ። ለእሷ ብዬ ግን አይደለም። ላንተም ብዬ አይደለም።”

“ታዲያ ለምንድን ነው?”

“መምህር ሌላ ጥያቄ ጽፈሽ አምጪ አለችኝ። ጻፍሁ።”

ምን ብለሽ ጻፍሽ ስላት “የራሴ ነው” አለችኝ። መምህርቷንም ጠይቄ ነበር፤ “ልጅቱ ካልነገረችዎት እኔ አልነግርዎትም፤ ግን ለመመለስ ቢያንስ አስረኛ ክፍል መድረስ አለባት” ብለው ሳቁ። የሳቁበትን ጥያቄ እስካሁን አላውቀውም።

የመንፈቅ ዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ውጤት ባለፈው ሳምንት ተሰጥቷል። ሒሳብ ዘጠና አራት፣ አማርኛ ሰባ አንድ፣ ትግርኛ ሰማንያ ስምንት። ኅዳር ላይ ባዶ የመለሰቻቸው ፈተናዎች ስላሉ ደረጃዋ ከክፍሉ ሃያ ስድስተኛ ነው። እንግሊዝኛ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ባዶ ትታለች። እኔ ደንግጬ ሮጥሁ። “ይህኛው ባዶ ሌላ ባዶ ነው፣ ሓወይ” አሉኝ መምህርቷ። “ጠይቄያታለሁ፣ አልገባኝም ነው ያለችኝ። ያልገባትን ሰው አስተምራለሁ፣ እሱ ሥራዬ ነው።” ሰኔ ላይ የክልሉ ፈተና አለባቸው። ታልፋለች ብዬ አልምልልሽም፣ ግን ማታ መጽሐፍ ትከፍታለች። እሱን በዐይኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ ይህ ነው። ነይ ብዬ አላዝሽም፣ ቆዪም አልልሽም። ሦስት ጊዜ ወስኜብሻለሁ፣ ይበቃኛል። እዚያ መቆየት የምትፈልጊ ከሆነም በራስሽ ምክንያት ይሁን፣ እሰማዋለሁ። በነዒማ ትምህርት ግን እኔም አላሳብብ፣ አንቺም አታሳብቢ። ልጅቱ ቁጥር ታውቃለች፣ ያልነውን ሁሉ ትደምረዋለች።

ሀፊሳ የያዘችው ሰማያዊ ቀሚስ ስፌቱ የኔ ነው። የሰውን ልክ በዐይን አያለሁ እያልሁ የምኮራ ሰው ያንቺን ከድሮው ነው የወሰድሁት፣ ሌላ የማውቀው የለኝም። በሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ ትቻለሁ። ወፍረሽ እንደሆነ ይለቀቃል። ከስተሽ እንደሆነ ደግሞ በዚያው ይጠባል።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናው። ያደረብሽን ሐሳብ ያቅልልሽ። የምታስታምሚያቸውንም ሴትዮ ያሽርልሽ፣ ለፍተሽባቸዋልና። በዚህ ደብዳቤ የተቀየምሽኝ እንደሆነ ዐውፍ በይኝ፤ ባትዪኝም ሐቅሽ ነው።

ባለቤትሽ ሐቢብ

አንድ ነገር ረሳሁ። የወሰንሽውን መጀመሪያ የምትነግሪው ለእኔ አይሁን። ነዒማ ከሰዓት ከስምንት ሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ወጥታለች፣ ለእሷ ደውዪላት። እኔ ከእሷ እሰማለሁ።